በግድግዳው ሥር የሄደው

ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ወንበር አልስማማት ብሏል። ትቀመጣለች፤ ኮምፒውተሩ እስኪከፈት እንኳ ሳትታገስ ብድግ ትላለች። ከበሩ እስከ መደርደሪያው ትሄዳለች፣ ከመደርደሪያው እስከ በሩ ትመለሳለች። ክፍሏ ከተመልካቾች መቀመጫ ሥር የተሸጎጠች፣ ቀድሞ የኳስ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ቤት ናት። መስኮት የላትም፤ ዛሬም ድረስ ጎማ ጎማ ትሸታለች። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ መንቆራጠጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ተጫዋቾቹ «ሚዛን» ይሏታል። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው የስፖርት ሳይንስ ነው፤ በክለቡ ውስጥ ሥራዋ ግን መዝገብ መያዝ ነው። ማን ምን ያህል ሮጠ፣ ማን ፈጠነ፣ ማን ደከመ፣ ማን አገገመ፣ ሁሉም እሷ ዘንድ ነው ያለው። አንዲት ነጥብ ከቦታዋ ብትንሸራተት ዕረፍት ስለሚነሳት ነው ስሙ የወጣላት። አንድ ጊዜ ረዳት አሰልጣኙ «ሠላሳ ሜትር ገደማ ይሆናል» ቢላት «ገደማ የሚባል ሜትር የለም» ብላ መለሰችለት። ያቺ ንግግር እስካሁን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ትቀለዳለች። «ሳሙና አቀብለኝ» ይላል አንዱ። «ስንት ግራም?» ይላል ሌላው።

መሣሪያዎቹ የክብሪት ቀፎ ያክላሉ። ተጫዋቹ ከማልያው ሥር በሚለብሳት አጭር ሰደርያ ጀርባ ላይ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መሐል ባለችው ኪስ ውስጥ ይገባሉ። ከሰማይ የሳተላይት ምልክት እየተቀበሉ ባለቤታቸው የት እንደቆመ፣ በምን ፍጥነት እንደሮጠ ይመዘግባሉ። ተጫዋቾቹ መሣሪያውን «ሰላዩ»፣ ሰደርያዋን ደግሞ «ጡት ማስያዣ» ይሏቸዋል። «አባባ፣ የኔን ጡት ማስያዣ ማን ወሰደው?» የሚል ጩኸት የማይሰማበት ጠዋት የለም። አባባ የሚሏቸው ትጥቅ ያዡን ነው። እሳቸውም ቀና ሳይሉ «እኔ ምን አውቄ፣ ሚስትህን ጠይቃት» ይላሉ።

ያ ሳምንት ግን ቀልድ አልነበረውም። ሰኞ ጠዋት ዋናው አሰልጣኝ ጎንበስ ብለው በጠባቧ በር ገቡ።

«አንቺ ልጅ፣ ዓርብ ዝርዝሩን አወጣለሁ። ፈጣን ሩጫው ካስቀመጥኩት መሥመር በታች የወረደ ሰው ወደ ሁለተኛው ቡድን ይወርዳል። ከእንግዲህ በዓይኔ አልፈርድም፤ በዓይኔ ስፈርድ ያዳላል ይሉኛል። መሣሪያሽ ይፍረድ።»

«ኮች፣ መሣሪያው ይመሰክራል እንጂ አይፈርድም።»

«እሺ፣ እሱ ይመስክር፣ አንቺ ፍረጂ» አሉና ወጡ።

ከመሥመሩ በታች የወረደው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የግራ መስመር ተከላካዩ፣ «ባቡሩ» የሚሉት። ስሙን ያገኘው ከሩጫው ነው፤ አንዴ ከተነሳ የሚያቆመው የለም ለማለት። ቁጥሩ ግን ዋናው ሜዳ ሣሩ ሊታደስ ተዘግቶ ልምምዱ ወደ ኋለኛው ሜዳ ከተዛወረ ጀምሮ ቁልቁል መውረዱን አላቆመም። ሁለተኛው ቡድን ከወረዱ ወዲያ ደግሞ ተመልሶ የወጣ ሰው ማንም አያስታውስም።

አንድ ነገር አለ። ከባቡሩ በፊት የግራ መስመር ተከላካዩ ታናሽ ወንድሟ ነበር። ዝናብ ባጠበው መንገድ ላይ በሞተር ሳይክል ወደ ልምምድ ሲመጣ ተንሸራተተ፤ በቃ፣ ከዚያ በኋላ የሚወራ የለም። ቦታው ለባቡሩ ተሰጠ። ለአንድ ሰው መሰጠቱ አይቀርም፤ ኳስ ባዶ ቦታ ፈልጋ ነው የምትሄደው። እሷም ቂም አልያዘችም፤ ቢያንስ ለራሷ የምትለው እንደዚያ ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ተጫዋች መንገድ በቀለም አስምሮ ሲያሳያት፣ የቀኙን ታያለች፣ የመሐሉን ታያለች፣ የግራውን ካርታ ሳትከፍት ቁጥሩን ብቻ ገልብጣ ታልፋለች። ያ መሥመር፣ ያ ወደ ፊት ሽው ብሎ እያካለበ የሚመለሰው መሥመር፣ የወንድሟ ነበር። ገደማ የሚባል ሜትር የለም ያለችው ሴት የሜዳውን አንድ ጎን ሙሉ ሳታየው ወራት አለፉ። «ነገ አየዋለሁ» ትላለች። ነገ ሲመጣ ብድግ ብላ ትንቆራጠጣለች።

ማክሰኞ ከልምምድ በኋላ ባቡሩ መጣ። ቁመቱ በሩን ሞላው።

«ሚዛን፣ ሰላዩ ስለኔ ምን እያለ ነው? እንዲያው ለነፍስሽ ንገሪኝ።»

«ፈጣን ሩጫህ ወርዷል።»

«አልወረደም። እግሬ እኮ የኔ ነው፣ ቢደክም አጣዋለሁ? ትናንት የቀኝ ተከላካዩን ጥዬው እየሄድኩ ነበር። ባንቺ ወረቀት ግን እሱ ነው የሚበልጠኝ።»

«የኔ ወረቀት አይደለም፣ የመሣሪያው ነው። መሣሪያ ዘመድ የለውም።»

ባቡሩ የበሩን ጠርዝ በጥፍሩ ፈተገ። «ዘመድ የሌለኝስ እኔ ነኝ» አለ። «እዚህ ስሮጥ ሰው የሚያየው እኔን አይደለም። ይገባኛል፣ አልከፋም። ግን ቦታውን አልሰረቅኩትም፣ ሚዛን።»

«ሰረቅክ ያለህ አለ?»

«የለም። ማንም ስላላለኝ ነው የምነግርሽ።»

ከሄደ በኋላ ክፍሏ ጠበበቻት። ወጣች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ወጣች። የባቡሩን ካርታ ልትከፍት እጇን ልካ መልሳ ሰበሰበችው።

ረቡዕ ዝናብ አካፋ። ልምምዱ አልቆ የመሣሪያዎቹ ሳጥን ሲመጣላት እንደ ወትሮዋ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘችው። የተጫዋቾቹ ስም በተራ ይወርድ ጀመር። በረኛው፣ አምበሉ፣ ባቡሩ። ከዚያ የወንድሟ ስም ወረደ።

የድሮ መዝገብ ተቀላቅሎ መሰላት። ቀኑን አየችው፤ የዛሬ ነው። ሰዓቱም የልምምዱ ሰዓት ነው። ከስሙ ፊት ለፊት የተጓዘው ርቀት ተጽፏል፤ ባዶ አይደለም። እጇ ከማመንታቷ ቀድሞ ካርታውን ከፈተው። ከኋለኛው ሜዳ በስተግራ፣ በረጅሙ የመጋዘን ግድግዳ ሥር፣ ቀጭን መሥመር አለ። ጥቂት ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ወደ ጎን ይላል፣ እንደገና ይሄዳል። ልክ እሷ በዚህች ክፍል ውስጥ እንደምትሄደው። የሚጠብቀው ሰው ቀርቶበት እንደሚንቆራጠጥ ሰው።

ዘጋችው። ከፈተችው። አሁንም እዚያው ይሄዳል።

ቤት ስትገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እናቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። እሷ ኩባያ አንስታ አስቀመጠች፣ መጋረጃውን ሰበሰበች፣ መልሳ ዘረጋችው።

«ምነው፣ እግርሽ ላይ ምን ተነሳ? ቁጭ በይ እንጂ፣ ዓይኔን አዞርሽው።»

«እማዬ» አለች፤ ልትለው አላሰበችም ነበር። «የሱ መሣሪያ ዛሬ ሄደ ይላል።»

የእናቷ መርፌ ቆመ። መሣሪያው ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ልጇ በሕይወት ሳለ ሰደርያዋን ለብሶ እየተሽከረከረ ሲያስቃት ኖሯል። እንዴት ሆኖ አላለችም። «የት ሄደ?» አለች።

«ሜዳው ላይ። በግድግዳው ሥር፣ ወዲያና ወዲህ።»

«እየሮጠ?»

«አይ። ቀስ እያለ።»

«ቀስ እያለ?» እናቷ በእንባዋ መሐል ሳቀች። «የኔ ልጅ? ከመኝታው ወደ መታጠቢያ ቤት እንኳ እየሮጠ አይደል እንዴ የሚሄደው! በር ስንቴ ገጨ።» ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ቢሆንም» አለች፣ «ነገም እይልኝ እስቲ።»

ይህች «እይልኝ» ሌሊቱን ሙሉ እንደ ጠጠር ጎኗን ስትቆረቁራት አደረች።

ሐሙስ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ትጥቅ ክፍል ገባች። አባባ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብለው መሣሪያዎቹን በተራ እየተጫኑ ያበራሉ። አንዷን ይጫናሉ፣ አረንጓዴ እስክትሆን ይጠብቃሉ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። የወንድሟ ጋም ሲደርሱ ተጫኑ። አረንጓዴ ሆነ።

«አባባ፣ ያ ለምን ይበራል?»

«የቱ?» አሉ፤ የቱ እንደሆነ ጠፍቷቸው አይደለም።

አረንጓዴውን ብርሃን በጣቷ ነካች። አባባ ሳጥኑን ትተው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ከዚህ ጫፍ ጀምሬ እዚያ ጫፍ እጨርሳለሁ። ዕድሜ ልኬን የማውቀው ሥራ እንዲህ ነው። እሱ ጋ ስደርስ እጄ ዘሎት አይሄድም። ብዘለው ቅር የሚለው ይመስለኛል። ለማንም አልሰጠሁትም እኮ! ከውሃው ጋር አውጥቼ አግዳሚው ላይ አኖረዋለሁ፣ ልምምዱን ያያል። ሲያልቅ አጥፍቼ በኪሴ ይዤው እመለሳለሁ። ትናንት ዝናቡ አጣደፈኝና ከነሱ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። አንቺ ጋ እንዳይመጣ ስጠነቀቅ ኖሬ... ሞት ይርሳኝ።»

«አግዳሚው የቱ ጋ ነው?»

«ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ነዋ።»

«ማንም አልነካውም? ቦታ አልቀየረም?»

«ማን ይደፍራል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯ ቆመ። አባባ ያዘነችባቸው መስሏቸው ይቅርታ መጠየቅ ጀመሩ፤ አልሰማቻቸውም። የምታየው ግድግዳውን ነበር። ያ መጋዘን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆርቆሮ የለበሰ፣ የሰማዩን ግማሽ የሚጋርድ ቁመታም ቤት ነው። መሣሪያው የሚኖረው ሰማይ አይቶ ነው፤ ሰማዩ ሲጋረድበት ከቆርቆሮው ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን ምልክት ከእውነተኛው ጋር ያምታታል። ገደል ማሚቶ ሰምቶ ሰው ጠራኝ ብሎ እንደሚዞር መንገደኛ ይሆናል። ይህን ከተማሪነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። መሣሪያው ይዞት የመጣው መመሪያ ላይም ተጽፏል። ሳታስበው የቀረችው ያንን ጎን ስላላየች ነው።

ኮች ደግሞ በልምምድ ላይ ጎል አያቀያይሩም። አንደኛው ቡድን ሁልጊዜ ጀርባውን ለመግቢያው በር ሰጥቶ ነው የሚያጠቃው፤ «አቅጣጫ ሲለዋወጥ ጭንቅላት ይዞራል» ይላሉ። ስለዚህ የግራ ተከላካዩ ዘወትር ከግድግዳው ጋር ነው፣ የቀኙ ዘወትር ገላጣው ሰማይ ሥር። ከግራ ተከላካዩ ፊት የሚሰለፈው የግራ ክንፍም ቁጥሩ፣ ከመሥመሩ በታች ባይደርስም፣ ወርዶ ነበር፤ እሱ ግን ከጉዳት የተመለሰ ስለሆነ ኮች ራሳቸው ታግሰውታል። ሌላ ምክንያት የፈለገ አልነበረም።

ተኝቶ የነበረውን እንዲህ ካስኬደ፣ የሚሮጠውን ምን አድርጎት ይሆን?

ባቡሩን ያገኘችው ጫማውን ሲያስር ነው። ረዳት አሰልጣኙን ከነሰዓት መያዣው፣ አባባን ከነሜትራቸው አስከትላ ወደ ሜዳው ነዳቻቸው። በግድግዳው ሥርና በገላጣው በኩል እኩል ርቀት ለክታ ኮን አቆመች። ከዚያ ከባቡሩ መሣሪያ አጠገብ የወንድሟን መሣሪያ በፕላስተር አጣበቀችለት።

«ሁለት ሰላይ?» አለ ባቡሩ አንገቱን አዙሮ። «በቃ ግመል አደረግሽኝ።»

«ግመል ዝም ብሎ ይሮጣል። ሩጥ።»

ሮጠ። አረፈ፣ እንደገና ሮጠ፤ አንዴ በግድግዳው፣ አንዴ በገላጣው። ውጤቱን እዚያው ኮምፒውተር ላይ አስገብታ ተመለከተች። በገላጣው በኩል ሁለቱ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው ተስማሙ፤ ከሜትሩና ከሰዓቱም ጋር የነበራቸው ልዩነት የምታውቃትና ሁልጊዜም የምትኖር ትንሽ ልዩነት ነበረች። በግድግዳው ሥር ግን አንድ ጀርባ ላይ ተጣብቀው ተጣሉ። አንዱ የባቡሩን ፈጣን ሩጫ ግማሹን በላው። ሌላው በመጋዘኑ ግድግዳ ውስጥ አሳልፎ ወሰደው።

ባቡሩ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየ። «መጋዘን ውስጥ ገብቻለሁ? ሳላንኳኳ?»

ረዳት አሰልጣኙ በሳቅ ፈነዳ። እሷ አልሳቀችም። ነገ ዓርብ ነው።

ዓርብ ጠዋት ኮች ጠረጴዛቸው ላይ ዝርዝሩን ዘርግተው፣ እስክሪብቶው በእጃቸው ነበር። ረዳታቸውም አጠገባቸው ቆሟል። ያቀረበችላቸውን የሐሙስ ሠንጠረዥ ገረፍ አድርገው አዩትና መልሰው ገፉላት።

«ይኼ መሣሪያ ሁሌም ትንሽ ይሳሳታል ብለሽኛል። እኔም ተቀብያለሁ። ለሁሉም ከተሳሳተ እኩል ነው።»

«እኩል አይደለም፣ ኮች። የሚሳሳተው ግድግዳው ሥር ባለው ሰው ላይ ነው።»

«ሐሙስ ጠዋት አንድ ጊዜ አስሮጥሽው። በዚህ ብቻ የብዙ ሳምንት ቁጥር ልጣል? ነገ ሌላውም ሜዳው በደለኝ እያለ ይመጣብኛል። ከዚህ ሌላ ባዶ እጅሽን እኮ ነው የመጣሽው።»

ባዶ እጇን አልመጣችም። ኮምፒውተሯን ታቅፋለች። ውስጡ ያለውን ግን ካወጣችው ምን እንደሆነ በአፏ መናገር ይኖርባታል። የእናቷ «ነገም እይልኝ» አለ። ካርታውን ማንም ሳያየው ቢቆይ፣ መሥመሩ ለእናቷ የልጇ መንገድ ሆኖ ይቆያል። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲነካ አየችው። ኮምፒውተሩን ከፈተችና አዞረችላቸው።

ስሙ ከላይ ተጽፏል። ኮች መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ያንን ልጅ ከታዳጊ ቡድን ጀምረው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«ይኼ ምንድነው?»

«የረቡዕ ልምምድ።»

«ረቡዕ... በሱ ስም ማን ሮጠ?»

«ማንም። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ መሣሪያ ነው። ሰው አልያዘውም። ከተቀመጠበት አል...» ኮምፒውተሩን ይበልጥ ወደሳቸው አስጠጋች። «አልተነሳም፣ ኮች። ይኼ ሁሉ መንገድ ውሸት ነው። ግድግዳው ነው የሠራው። ተኝቶ ያለውን ካስኬደ፣ የሚሮጠውን ቢያስተኛ ምን ይገርማል?»

ኮች መሥመሩን በጣታቸው ተከተሉት፤ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ወደ ጎን አለ። ጣታቸው መጨረሻው ላይ ቆየ።

«ለቅጽበት» አሉ፣ «ደስ ብሎኝ ነበር።»

«እኔም» አለች።

ከግድግዳው ጎን የተገኙት የእነዚያ ሳምንታት ቁጥሮች ከግምት ውጭ ሆኑ። ያን ጠዋት ኮች በሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጎል አቀያየሩ፤ ጭንቅላታቸው ይዙር አይዙር አልተናገሩም። ባቡሩ በገላጣው በኩል ሮጦ ከመሥመሩ በላይ ሆነ። እንደሚያወራው ያህል አይደለም፤ ከፍ ያለው በጥቂት ነው። ግን በላይ ነው፣ ስሙም ዝርዝሩ ላይ ወጣ።

ባቡሩ ማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ አገኛት። «እንግዲህ ዘመድ አገኘሁ ልበል?»

«መሣሪያ ዘመድ የለውም አልኩህ እኮ።»

«ስለ መሣሪያው ማን ጠየቀሽ?» አለና ሄደ፤ ሩጫ አይሉት እርምጃ፣ እንደ ልማዱ።

ክፍሏ ገብታ የረቡዕን መዝገብ ከፈተች። ማጥፋት አይሆንላትም፤ የተመዘገበ ነገር አይጠፋም፣ ይታረማል። የባለቤቱ ስም ያለበት ቦታ ላይ ቆየች፤ ተነሳች፣ እስከ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች። የወንድሟን ስም ፊደል በፊደል ሰረዘችና «አግዳሚ» ብላ ጻፈች። አባባንም ማብራቱን እንዳይተዉ ነገረቻቸው። መሣሪያው በየቀኑ እዚያው ይቀመጣል፤ ተቀምጦ በሄደው ርቀት ግድግዳው በዚያ ቀን ምን ያህል እንደዋሸ ይታወቃል።

«ሥራ ተሰጠው በይኛ» አሉ አባባ፣ ፊታቸው እየበራ።

ቤት ስትደርስ እናቷ በሩ ላይ ጠበቀቻት። ጫማዋን እስክታወልቅ እንኳ አላስቻላትም።

«አየሽልኝ?»

«አየሁ።»

«የት ደረሰ?»

ልትዋሽላት ትችል ነበር። እንደ መጋዘኑ ግድግዳ ጥቂት እርምጃ ልትጨምርላት፣ አንድ ዙር ልታዞርላት ትችል ነበር። «የትም አልሄደም፣ እማዬ» አለች። «መሣሪያው ነው የተሳሳተው። ከአግዳሚው አልተነሳም።»

እናቷ ቀስ ብላ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ልብሱን አነሳች፣ መርፌውን ግን አላነሳችም።

«እሱ?» አለች በመጨረሻ። «አንድ ቦታ፣ ልምምዱ እስኪያልቅ ተቀምጦ?»

«ተቀምጦ።»

«እንዲህ ያለ ነገር አይቼበት አላውቅም።» ከጎኗ ያለውን ወንበር በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገችው። «ነይ፣ አንቺም።»

ተቀመጠች። ጉልበቷ ግን ከሥር ሳያቋርጥ ይወዛወዝ ነበር፤ እናቷ እጇን ጣል አደረገችበት።